በክሩሴደር ኪንግስ 3 ካርታ ላይ የእንግሊዝኛ የቦታ ስሞችን በአገሬው ስም የመተካት አሠራር

ጅማ ውስጥ ክሩሴደር ኪንግስ 3 የሚባለውን የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት የኮምፒውተር ጌም የሚጫወቱ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ካርታው ላይ ያሉትን የፈረንጅ ስሞች እኛ በምንጠራቸው ስም መቀየር ይቻላል ወይ?» ይቻላል። ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፍታችሁ መስመር በጥንቃቄ መጻፍና ፋይሉን በትክክለኛው ፎልደር ማስቀመጥ ከቻላችሁ ይበቃል። ከባዱ ሥራ ያለው ከኮምፒውተሩ በፊት ነው፦ የትኛው ስም ይግባ የሚለውን መወሰን። ጀምሮ የሚተወው አብዛኛው ሰው ስሞቹን ሳይወስን በቀጥታ ፋይል የከፈተ ነው። ካርታው ግማሹ የድሮ፣ ግማሹ የዛሬ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆንበትና ይሰለቻል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች አትዝለሏቸው።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ አጻጻፌ። የፋይልና የፎልደር ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጫለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሁሉንም በላቲን ፊደል፣ በትናንሽ ሆሄ ነው የምትጽፉት። «ሥር ሰረዝ» ስል አንደርስኮር የምንላትን ከታች የምትቀመጥ ሰረዝ ማለቴ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጌሙ የተጫነበት ኮምፒውተር። የጌሙ ቋንቋ እንግሊዝኛ ላይ መሆን አለበት፤ ወደ ሌላ ቋንቋ ከተቀየረ የምንሠራው ፋይል አይነበብም።
- ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ። በነፃ ይወርዳል፣ ለደካማ ኮምፒውተርም ቀላል ነው። ወርድ አይሆንም፤ ምክንያቱን 6ኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።
- ደብተር ወይም ኤክሴል፣ ለስሞች ዝርዝር።
- ፍላሽ፣ ለመጠባበቂያ ቅጂ። መብራት ሳይታሰብ ስለሚጠፋ በየጥቂት መስመሩ ሴቭ ማድረግንም ልማድ አድርጉት።
- ስም የሚያውቅ ሰው። አንድ የታሪክ መምህር ወይም በዕድሜ የገፉ ጎረቤት ከብዙ ፍለጋ ያሳርፏችኋል።

1ኛ ደረጃ፦ የማን ስም፣ የየትኛው ዓመት?

ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ደንብ ጻፉ። የአገሬው ስም ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል፦ ቦታው በዚያ ዘመን ይጠራበት የነበረው ስም፣ ዛሬ ነዋሪው የሚጠራበት ስም፣ ወይም እኛ በአማርኛ ለሩቅ አገር የሰጠነው ስም። ሦስቱን ያለ ደንብ ከቀላቀላችኋቸው ካርታው አይታመንም።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ለኢትዮጵያ፣ ለኖባና ለቀይ ባሕር ዳርቻ የዘመኑን ስም ውሰዱ። ለሩቁ ዓለም ደግሞ መጽሐፎቻችን ሲጠቀሙባቸው የኖሩትን ስሞች፦ ቁስጥንጥንያ፣ እስክንድርያ፣ አንጾኪያ፣ ደማስቆ፣ ቆጵሮስ፣ ምስር። እነዚህን ማንም ያገራችን አንባቢ በአንድ እይታ ያውቃቸዋል። ፓሪስን፣ ዮርክንና የመሳሰሉትን አትንኩ፤ በእኛ ዘንድ የተለየ ስም ስለሌላቸው ሥራ ከማብዛት በቀር ትርፍ የለውም።

ዓመቱን በተመለከተ፣ ጌሙ ከ867 ወይም ከ1066 ጀምሮ እስከ 1453 ይሄዳል፤ በኋላ የመጡ ማስፋፊያዎች ሌላ መነሻ ዓመት ቢጨምሩም ማብቂያው ያው ነው። ይህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በአማርኛ ከተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ዓመተ ምሕረት ስታነሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሩ። 1066 በእኛ 1058 እና 1059 ነው። ይህን ሳያስታውሱ የቀሩ ልጆች አንድን ንጉሥ ከሞተ በኋላ ሲያነግሡት አይቻለሁ።

ዓመቱን ከያዛችሁ በኋላ እያንዳንዱን ስም «በዚያ ጊዜ ነበረ ወይ?» ብላችሁ ፈትሹት። ጎንደር በ1636 የተቆረቆረች ናት፤ አዲስ አበባ በ1886። ሁለቱም ከጌሙ ማብቂያ በኋላ ስለሆኑ በዘመኑ ስም ደንብ አይገቡም። ላሊበላ የሚለውን ስም ከተማው ያገኘው ከንጉሡ ነው፤ ንጉሡ ደግሞ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ ስለሆነ በ867ም በ1066ም ስትጀምሩ ትክክለኛው ሮሐ ነው።

የራሳችን አካባቢ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁሉም ልጅ መጀመሪያ መጻፍ የሚፈልገው «ጅማ» ብሎ ነው፤ ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን የጅማ መንግሥት ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ሆኖ የቆመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ባለቤት፣ የገዙት ከ1878 እስከ 1932 ነው። ለመካከለኛው ዘመን ካርታ ከእነዚህ የሚቀድመው ስም እናርያ ስለሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ጅማን፣ ጅሬንን፣ ሂርማታን ማየት ከፈለጋችሁ ደንባችሁን «የዛሬ ስም» አድርጉትና ለመላው ኢትዮጵያ በዚያው ዘልቁ። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የማያስኬደው እዚህ ጅማ፣ እዚያ ሮሐ ብሎ ማደባለቅ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የዛሬን ካርታ ተመልክታችሁ የድሮ ስም አታስቀምጡ፤ ስሞች ይሰደዳሉ። ዳሞት ዛሬ ጎጃም ውስጥ የምናውቀው ስም ነው፤ የመካከለኛው ዘመን ዳሞት ግን ከዓባይ ደቡብ ነበር። አምሐራም እንደ አውራጃ ስም በዚያ ዘመን የሚያመለክተው ዛሬ ወሎ የምንለውን አካባቢ ነው። ይህን ያላየ ሰው ሁለት ግዛቶችን በአንድ ጊዜ ያበላሻል።

2ኛ ደረጃ፦ ሰንጠረዡን መሥራት

አምስት ዓምድ ይኑረው፦ የጌሙ ቁልፍ፣ የጌሙ እንግሊዝኛ ስም፣ የእኛ ስም በፊደል፣ የእኛ ስም በላቲን፣ ስሙን ያገኛችሁበት ምንጭ። የመጨረሻው ዓምድ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ግን ጓደኛችሁ «ይሄ ከየት መጣ?» ሲላችሁ መልሱ እዚያ ነው። መልስ የሌለውን ስም አታስገቡ፤ የእንግሊዝኛው እንዳለ ይቆይ።

ከሽማግሌ ስትጠይቁ በዓመት አትጠይቁ። «አባባ፣ ይህ ቦታ ከዚህ በፊት ማን ይባል ነበር? ከዚያስ በፊት?» እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የኦሮምኛ ስም ሲነግሯችሁ አጠራሩን አስደግሙ፤ የጠበቀውንና የላላውን፣ ረጅሙንና አጭሩን ድምፅ ለይታችሁ ጻፉ። ለሚቀጥለው ደረጃ የግድ ነው።

መጀመሪያ ከሃያ ስም በላይ አትያዙ። ሃያው ሠርቶ ካያችሁ በኋላ ማስፋት ቀላል ነው።

3ኛ ደረጃ፦ የላቲን አጻጻፍን አንድ ማድረግ

«ለምን በፊደላችን አንጽፍም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ጌሙ ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛም ኦሮምኛም ስለሌለ ፎንቶቹ ለፊደላችን አልተዘጋጁም፤ በስሙ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ፎንት መቀየር ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፤ ለመጀመሪያ ሞዳችሁ (ሞድ ማለት ጌሙን ለመለወጥ ተጫዋች የሚጨምረው ፋይል ነው) ላቲን ይሻላል።

የኦሮምኛ ስሞችን በቁቤ ጻፉ፤ ባለቤቶቹ የሚጽፉት እንደዚያ ነው፣ ጅማ ውስጥ የሚጫወት ልጅም ያነበዋል። በቁቤ ቀ በ«ኪው»፣ ጠ በ«ኤክስ»፣ ጨ ብቻዋን በቆመች «ሲ»፣ ቸ በ«ሲ ኤች» ነው የሚጻፉት። ለጠበቀ ድምፅ ተነባቢው፣ ለረጅም ድምፅ አናባቢው ይደገማል። ለግእዝና ለአማርኛ ስሞች ግን ይህ አጻጻፍ አልተለመደም፤ ጠን በ«ቲ»፣ ጨን በ«ሲ ኤች» መጻፉ ይነበባል። ሁለቱን ደንቦች ለየብቻ ደብተሩ ላይ አስፍሩና በአንድ ስም ውስጥ አትቀላቅሏቸው። ከሥር ነጥብ ወይም ከላይ ሰረዝ ያለባቸውን የምሁራን ፊደላት ተዉአቸው። የግድ ካስፈለጋችሁ አንድ ስም ላይ ሞክሩና በትክክል መውጣቱን ሳታዩ ወደ ሌላው አትሂዱ።

4ኛ ደረጃ፦ ሞዱን መፍጠር

የጌሙን ላውንቸር፣ ማለትም ጌሙ ከመጀመሩ በፊት የሚመጣውን መስኮት ክፈቱ፤ ከሞዶች ዝርዝር ውስጥ አዲስ ሞድ መፍጠሪያውን ፈልጉ። ስም፣ የሥሪት ቁጥርና የፎልደር ስም ይጠይቃችኋል። የፎልደሩን ስም በትናንሽ የላቲን ፊደላት፣ ያለ ባዶ ቦታ ስጡት። ከመለያዎቹ «ትራንስሌሽን» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

ላውንቸሩ በዶኩመንትስ ውስጥ፣ ከፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ ሥር፣ በክሩሴደር ኪንግስ 3 ፎልደር ውስጥ «ሞድ» የሚባለው ጋ ሁለት ነገር ያስቀምጣል፦ የእናንተን ፎልደርና ከአጠገቡ አንድ ትንሽ ፋይል። ትንሹ ፋይል ጌሙ ፎልደራችሁን የሚያገኝበት አድራሻ ነው፤ አትሰርዙት።

አሁን በሞዳችሁ ፎልደር ውስጥ «ሎካላይዜሽን» የሚል ፎልደር፣ በውስጡ «ሪፕሌስ»፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ «ኢንግሊሽ» ፍጠሩ። ሎካላይዜሽን የሚጻፈው በ«ዜድ» ነው። የዚሁ ኩባንያ ሌሎች ጌሞች፣ ለምሳሌ ክሩሴደር ኪንግስ 2፣ በ«ኤስ» ስለሚጽፉት ከቆየ መመሪያ የገለበጠ ሰው ይሳሳታል፤ ጌሙም ፎልደሩን ሳያየው ያልፋል።

ሪፕሌስ የሚያስፈልገው የእናንተ መስመር የጌሙን መስመር እንዲተካ ነው። ያለ እሱ አንድ ቁልፍ ሁለት ቦታ ተገኘ ተብሎ የስሕተት መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፣ የትኛው እንደሚታይም እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጌሙ የተጫነበትን ፎልደር ከፍታችሁ የራሱን ፋይሎች አታርሙ። ሥራችሁ በሚቀጥለው አፕዴት ይጠፋል፣ ከዚያ በፊትም ጌሙ ሊበላሽ ይችላል። እነዚያ ፋይሎች ለማንበብ ብቻ ናቸው።

5ኛ ደረጃ፦ ቁልፉን መፈለግ

እያንዳንዱ ቦታ ከሚታየው ስሙ ሌላ የማይታይ ቁልፍ አለው። ቁልፉ በአንድ ፊደልና በሥር ሰረዝ ይጀምራል፤ ከትንሹ የግዛት ደረጃ ወደ ትልቁ ሲሄድ፦ «ቢ» ለባሮኒ፣ «ሲ» ለካውንቲ፣ «ዲ» ለደቺ፣ «ኬ» ለመንግሥት፣ «ኢ» ለኢምፓየር።

ስቲም ላይ የጌሙን ስም በቀኝ ማውዝ ተጭናችሁ «ብራውዝ ሎካል ፋይልስ» በሉ። ከሚከፈተው ውስጥ ጌም፣ ከዚያ ሎካላይዜሽን፣ ከዚያ ኢንግሊሽ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ «ፋይንድ ኢን ፋይልስ» የሚለውን ክፈቱና በዚህ ፎልደር ሁሉ ውስጥ የእንግሊዝኛውን ስም ፈልጉ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከመክፈት በጣም ይፈጥናል።

ቁልፉን በግምት አትጻፉ፤ ሁልጊዜ ከሚታየው ስም ጋር አይመሳሰልም። የቁስጥንጥንያ ካውንቲ ቁልፍ «ሲ ሥር ሰረዝ ባይዛንቲዮን» ነው፤ «ኮንስታንቲኖፕል» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም ለውጥ አያይም።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ካውንቲውና ዋና ከተማው የሆነው ባሮኒ አንድ ዓይነት ስም ይዘው የተለያየ ቁልፍ አላቸው። ካውንቲውን ብቻ ከቀየራችሁ ካርታውን ስታቀርቡ የድሮው ስም ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ ግዛቶች በቁልፉ መጨረሻ «ሥር ሰረዝ ኤ ዲ ጄ» የሚል ተጨማሪ አላቸው፤ ቅጽሉ ማለት ነው። «ኢ ሥር ሰረዝ አቢሲኒያ»ን ኢትዮጵያ ብላችሁ ቅጽሉን ከተዋችሁት ካርታው ኢትዮጵያ እያለ መልእክቶቹ የድሮውን ይላሉ።

6ኛ ደረጃ፦ ፋይሉን መጻፍ

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ አዲስ ፋይል ክፈቱ። ከሁሉ በፊት «ኢንኮዲንግ» ከሚለው ሜኑ «ዩቲኤፍ 8 ቦም»ን ምረጡ። «ዩቲኤፍ 8» ብቻ የሚል ሌላ ምርጫ አለ፤ እሱ አይደለም። ቦም የሌለውን ፋይል ጌሙ በትክክል አያነብም። ሁሉንም በትክክል ሠርቶ ስሙ አልቀየር ያለው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

የመጀመሪያው መስመር «ኤል ሥር ሰረዝ ኢንግሊሽ» ሆኖ በሁለት ነጥብ ያልቃል። ከሥሩ ለእያንዳንዱ ስም አንድ መስመር፦ አንድ ባዶ ቦታ፣ ቁልፉ፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ፣ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ስሙ በቀጥ ያለ ድርብ ጥቅስ ውስጥ። መጀመሪያ ላይ ያለችው ባዶ ቦታ አትቅር።

እዚህ ላይ እኛን በተለይ የሚያጋጥመን ችግር አለ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ ሁለት ነጥቡ የእኛ ሁለት ነጥብ ይሆናል፣ ጥቅሱም የእኛ ጥቅስ። በዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለጌሙ ግን ሌላ ምልክት ናቸውና መስመሩን ይጥለዋል። ፋይሉን ስትጽፉ ኪቦርዱን እንግሊዝኛ ላይ አድርጉ። ወርድን የከለከልኩትም ለዚሁ ነው፦ ቀጥ ያለውን ጥቅስ በራሱ ወደ ጎባጣ ይቀይረዋል።

ፋይሉን ሪፕሌስ ውስጥ ባለው ኢንግሊሽ ፎልደር ሴቭ አድርጉ። ስሙ የፈለጋችሁት ሆኖ መጨረሻው የግድ «ሥር ሰረዝ ኤል ሥር ሰረዝ ኢንግሊሽ»፣ ዓይነቱ ደግሞ «ዋይ ኤም ኤል» መሆን አለበት። ዊንዶውስ የፋይሉን ዓይነት ደብቆ ከኋላው «ቲ ኤክስ ቲ» እንዳልጨመረ ለማየት «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሩ።

7ኛ ደረጃ፦ መሞከር

ሦስት ስም ብቻ ጽፋችሁ ሞክሩ። ሃያ ጽፋችሁ ካልሠራ ስሕተቱ የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ ሰዓት ይፈጃል። ላውንቸር ላይ ሞዳችሁን ፕሌይሴት በሚባለው የሞዶች ስብስብ ውስጥ ጨምሩ፣ ሞዱ ኦን መሆኑን አረጋግጡ፣ ጌሙን ክፈቱ። የቀየራችሁት ስም ብቻ ስለሆነ ቀድሞ ሴቭ ባደረጋችሁት ጨዋታም ላይ ይሠራል።

ካልሠራ ዶኩመንትስ ውስጥ ባለው የጌሙ ፎልደር «ሎግስ» ውስጥ «ኤረር» የሚለውን መዝገብ ክፈቱና የፋይላችሁን ስም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የተበላሸውን መስመር ያሳያችኋል። የፋይላችሁ ስም ጨርሶ ከሌለ ጌሙ ፋይሉን አላገኘውም ማለት ሊሆን ይችላልና የፎልደሮቹን ስምና የፋይሉን መጨረሻ ዳግም ፈትሹ።

8ኛ ደረጃ፦ በገዢው ባህል የሚቀያየሩ ስሞች

ፋይሉ ትክክል ሆኖ አንዳንድ ቦታ ብቻ እምቢ ካለ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው።

አንዱ የባህል ስም ነው። ጌሙ አንዳንድ ቦታዎችን እንደ ገዢው ባህል ስማቸውን ይለዋውጣል፤ ዮርክን የኖርስ ገዢ ሲይዛት ዮርቪክ ትሆናለች። ገዢው የራሱ ስም ካለው እናንተ የቀየራችሁት መነሻ ስም ከሥር ተደብቆ ይቀራል። እነዚህ ስሞች «ሲ ኤን ሥር ሰረዝ» ብለው የሚጀምሩ የራሳቸው ቁልፎች አሏቸው። የሚታየውን ስም በ5ኛው ደረጃ መንገድ ፈልጉትና እሱንም በፋይላችሁ ጨምሩ። አንድ የባህል ቁልፍ ከአንድ በላይ ቦታ ሊያገለግል ስለሚችል ቀይራችሁ ሌላ ቦታ እንዳልተነካ እዩ።

ሁለተኛው የቤተሰብ ስም ነው። ብዙ የሙስሊም ገዢዎች ግዛት ካርታው ላይ የሚታየው በገዢው ቤት ስም ነው። «ኬ ሥር ሰረዝ ኢጂፕት»ን ምስር ብላችሁ በ1066 ስትከፍቱ የፋጢሚዎች ስም ብታዩ ፋይላችሁ አልተበላሸም።

አዲስ የባህል ስም ለመጨመር፣ ለምሳሌ የአማራ ገዢ ሲይዘው አንድ ስም፣ ሌላ ሲይዘው ሌላ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ «ኮመን» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለው የላንድድ ታይትልስ ፋይል መነካት አለበት። ለጀማሪ አልመክረውም። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ጌሙ በታደሰ ቁጥር የእናንተ ቅጂ ያረጃል፤ አንድ ቅንፍ ከጎደለ ግዛቶች ይበላሻሉ። ከዚህም በላይ ኮመን ውስጥ መንካት የጌሙን ቼክሰም (የተጫዋቾች ጌም አንድ ዓይነት መሆኑ የሚታወቅበትን መለያ) ስለሚቀይር አብረዋችሁ የሚጫወቱ ሁሉ ያንኑ ሞድ መጫን ይኖርባቸዋል። ስም ብቻ የሚቀይር ሞድ ይህ ችግር የለበትም።

9ኛ ደረጃ፦ ለጓደኛ መስጠት

እዚህ አብዛኛው ሰው የሚቀባበለው በፍላሽ ነው። ሁለቱንም፣ ፎልደሩንና አጠገቡ ያለውን ትንሽ ፋይል፣ ኮፒ አድርጉና በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ በዚያው «ሞድ» በሚባለው ፎልደር አስቀምጡ። ከዚያ ትንሹን ፋይል በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ክፈቱ። «ፓዝ» ብሎ የሚጀምር መስመር ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የእናንተን ኮምፒውተር ሙሉ አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስማችሁን ጨምሮ ይዟል። የተቀባዩን አድራሻ ተኩበት። ሳይስተካከል የተሰጠ ሞድ ላውንቸር ላይ ቢታይ እንኳ አይሠራም።

ከሞዱ ጋር ሰንጠረዡንም ስጡ። ስም የሚያርም ሰው ምንጩን አይቶ እንዲያርም፣ ደንቡንም እንዲያውቅ የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ፍላሽ ላይ ጨምሩት።